የሬዲዮ ሻንጣና የተማሪ ደብተር፦ ኑር ኢናያት ካን በፓሪስ እንዴት ሠራች፣ በምንስ ወደቀች?

ሰላይ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣብን በር ላይ ጆሮውን ለጥፎ የሚያዳምጥ ወይም ሰነድ የሚሰርቅ ሰው ነው። የኑር ኢናያት ካን ሥራ ሌላ ነበር። ጀርመን በያዘቻት ፓሪስ ውስጥ ሻንጣ የሚያህል ሬዲዮ ይዛ የውስጥ አርበኞች ያመጡላትን መልእክት በሞርስ (ፊደላትን በአጭርና በረጅም ምት በሚያስተላልፍ ዘዴ) ወደ ለንደን ትመታለች፤ ከለንደን የመጣውንም ተቀብላ ታደርስላቸዋለች። መሣሪያ የሚጣልበት ሜዳ፣ በጃንጥላ የሚወርደው ሰው፣ የሚላከው ገንዘብ ቀጠሮው ሁሉ የሚያዘው በዚያች ሻንጣ ነው። ስለዚህም ጀርመኖች ድልድይ ከሚያፈርሰው ይልቅ ሬዲዮ የሚመታውን አጥብቀው ያድኑ ነበር። በ1943 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳይ የገባ ኦፕሬተር ሳይያዝ የሚቆየው ስድስት ሳምንት ያህል ነው ይባል ነበር። ኑር ወደ አራት ወር ቆየች።

እኛ ዘንድ “የውስጥ አርበኛ” የሚለው ስም ከጣሊያን ወረራ ዘመን የመጣ ነው፤ እነ ሸዋረገድ ገድሌን የምንጠራበት ነው። መልእክት በሰው እጅና በሰው እግር ሲሄድ ቀርፋፋ ቢሆንም ድምፅ የለውም። ሬዲዮ ግን አፉን በከፈተ ቁጥር ወዳጅም ጠላትም እኩል ይሰማዋል። የኑርን ሕይወት ለመረዳት ከዚህች ነጥብ መነሳት ያስፈልጋል።

ከበገና ወደ ሞርስ

ኑር በጃንዋሪ 1914 ሞስኮ ተወለደች። አባቷ ሀዝራት ኢናያት ካን የሱፊ መምህርና ሙዚቀኛ የነበሩ ሕንዳዊ ናቸው፤ እናቷ አሜሪካዊት። በአባቷ በኩል ዘሯ ሕንድ ውስጥ ካለችው የማይሶር ግዛት ገዥ ከነበረው ከቲፑ ሱልጣን ይመዘዛል። ያደገችው ፓሪስ አጠገብ ሱሬን በምትባል ከተማ ነው። ሶርቦን የሕፃናት ሥነ ልቦና ተማረች፣ በገና ተማረች፣ ለልጆች ተረት ጻፈች። ቤተሰቡ በጁን 1940 ከፈረንሳይ ሸሽቶ እንግሊዝ ሲገባ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ከአየር ኃይሉ የሴቶች ረዳት ጓድ ተቀጥራ በሬዲዮ ኦፕሬተርነት ሠለጠነች።

ይሄ የመጨረሻው ነው ለስለላ ያሳጫት። የእንግሊዝ የልዩ ዘመቻ ድርጅት፣ በአጭሩ ኤስኦኢ፣ ፈረንሳይኛን እንደ አገሬው የሚናገርና ሞርስ የሚመታ ሰው አጥቶ ነበር። በሥልጠናው ወቅት አሰልጣኞቿ ስለ እሷ አልተስማሙም። ገር ናት፣ ትደነግጣለች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መዋሸት አትወድም ያሉ ነበሩ። የፈረንሳይ ክፍሉ ኃላፊ ሞሪስ በክማስተር ይህን ሁሉ “የማይረባ ወሬ” ብሎ ጥሎ ላካት። አሰልጣኞቹ ልክ ነበሩ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ኋላ የሆነው ግን ሁለቱንም ወገን ያሳፍራል። በድፍረት በኩል የጎደላት አልነበረም። የጎደለው የወረቀት አያያዝ ነው፤ እሱ ደግሞ በትምህርት የሚስተካከል ነገር ነበር፤ ትምህርቱን ሳትጨርስ ነው የሄደችው።

አወራረድ

ላይሳንደር የምትባለው ትንሽ አውሮፕላን የምትመጣው ጨረቃ ሙሉ በሆነች ሰሞን ብቻ ነው፤ አብራሪው ወንዙንና መንገዱን በዓይኑ እያየ ስለሚበር። መሬት ላይ ያለው ተቀባይ ሦስት የእጅ ባትሪዎችን እንጨት ላይ አስሮ ያቆማል፦ ሁለቱ በ140 ሜትር ገደማ ርቀት በአንድ መስመር ላይ፣ ሦስተኛው ከጫፉ ወደ ጎን፣ የተገለበጠ “ኤል” ፊደል እንዲመስሉ። አውሮፕላኗ በመጀመሪያው መብራት አጠገብ ታርፋለች፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ትዞራለች፣ ሞተሯን ሳታጠፋ ሰው አውርዳ ሰው ጭና በጥቂት ደቂቃ ትነሳለች።

ኑር በጁን 16 ለ17 አጥቢያ፣ 1943፣ አንዤ ከተማ አጠገብ በዚህ ዓይነት ወረደች። ያን ሌሊት አብረዋት ዳያና ራውደንና ሴሲሊ ለፎር ነበሩ። ሦስቱም አልተመለሱም። ሜዳው ላይ የተቀበላቸው አንሪ ዴሪኩር ከጀርመን የጸጥታ ፖሊስ ጋር ግንኙነት እንደነበረው ኋላ ታወቀ፤ ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ተከሶ ነጻ ወጥቷል።

ምስጢራዊ ስሟ “ማድለን” ሆነ። በወረቀት ደግሞ ዣን ማሪ ረኒዬ የምትባል ሞግዚት። ለኤስኦኢ ፈረንሳይ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሬዲዮ ኦፕሬተር እሷ ናት። የተመደበችው “ፕሮስፐር” ከተባለው ትልቅ መረብ ጋር ለሚሠራ ትንሽ ቡድን ነበር። በሳምንቱ ያ ትልቅ መረብ ፈረሰ። ጁን 24 አለቃው ፍራንሲስ ሱቲል፣ ኦፕሬተሩ ጊልበርት ኖርማንና መልእክተኛዋ አንድሬ ቦሬል ሁሉም ተይዘው ነበር። በጁላይ መግቢያ ደግሞ ኑር ሬዲዮ የመታችበት የግሪኞን እርሻ ትምህርት ቤት ተከበበ። ለንደን አውሮፕላን እንላክልሽና ውጪ አላት። እኔ ከወጣሁ እዚህ ሬዲዮ አይኖርም ብላ ቀረች።

ሻንጣው ውስጥ ያለው

በጊዜው ኦፕሬተሮች የሚይዙት የተለመደው ሬዲዮ “ቢ ማርክ ሁለት” ይባላል፤ ክብደቱ 15 ኪሎ ገደማ ነው። ተራ የመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ አራት ክፍል አለው፦ ማስተላለፊያ፣ መቀበያ፣ የኃይል ሳጥን፣ እንዲሁም የመለዋወጫ ሳጥን። ከዕቃው ሁሉ ትንሿና ወሳኟ ክሪስታል ናት። ማስተላለፊያው የሚናገርበትን ሞገድ የምትወስነው እሷ ነች፤ አንዷ ለቀን፣ ሌላዋ ለሌሊት። ክሪስታል የጠፋበት ኦፕሬተር 15 ኪሎ ብረት ተሸክሞ መዞር ነው ትርፉ።

ከዚያ ሽቦው አለ። ለንደን እንዲሰማ ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ የአንቴና ሽቦ መዘርጋት አለበት። ገጠር ቢሆን ዛፍ ላይ ይወረወራል። ከተማ ውስጥ፣ ጎረቤት መስኮት ላይ ቆሞ በሚያይበት ቦታ፣ ከሁሉ የከፋው ራስ ምታት ይሄ ነው። ኑር ኑዪ በሚባለው ሰፈር፣ ጀርመኖች በብዛት በሚኖሩበት ሕንፃ ቤት ተከራይታ ነበር። አንድ ቀን ሽቦውን ዛፍ ላይ ለመስቀል ስትታገል አንድ ጀርመናዊ አይቷት፣ ሙዚቃ ለመስማት መስሎት ሰቅሎላት ሄደ ይባላል። ሌላም ይነገራል፦ ባቡር ውስጥ ሁለት የጀርመን ወታደሮች ሻንጣው ምን እንደሆነ ሲጠይቋት የፊልም ማሳያ ነው አለች፤ ከፈት አድርጋ አሳየቻቸው፣ አዩና ተውዋት። መዋሸት አትችልም የተባለችው ሴት ማለት ነው።

የኃይሉም ነገር ወጥመድ አለው። ሻንጣው ከቤት መብራትም ከ6 ቮልት የመኪና ባትሪም ይሠራል። ጀርመኖች አንድ ሰፈር ላይ ጥርጣሬ ሲኖራቸው መብራቱን ሕንፃ በሕንፃ ያጠፉታል። ሞርሱ ድንገት ከተቋረጠ ሬዲዮው ያለው አሁን በጠፋው ሕንፃ ውስጥ ነው። ባትሪ ያለው ሰው ከዚህ ያመልጣል፤ ግን ባትሪም ይከብዳል፣ መሙላቱም ሌላ ሰበብ ይጠይቃል።

ምስጠራው በእጅ እንዴት ይሠራል

ኦፕሬተሩ አንድ ግጥም በቃሉ ይይዛል። ለእያንዳንዱ መልእክት ከግጥሙ አምስት ቃል ይመርጣል፤ የቃላቱን ፊደላት በፊደል ተራ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ያ ቁልፉ ነው። የትኞቹን ቃላት እንደመረጠ ለለንደን የሚያመለክቱ ፊደላት መልእክቱ ላይ ያክላል።

በእኛው ፊደል እንሞክረው። ቁልፉ “ሰላም” ይሁን፤ በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ላ 1፣ ም 2፣ ሰ 3 ይሆናሉ። “ነገ ማታ መሳሪያ ይምጣ” የሚለውን ከቁልፉ በታች በሦስት ዓምድ እንጻፍ፦

ሰ ላ ም
3 1 2
ነ ገ ማ
ታ መ ሳ
ሪ ያ ይ
ም ጣ

አሁን ዓምዶቹን በቁጥር ተራ ከላይ ወደ ታች እናንብብ፦ ገመያጣ፣ ማሳይ፣ ነታሪም። ያን ደግሞ መልሰን በዚያው መንገድ ብንደረድረው “መማነምያ ሳታገጣይ ሪ” ይወጣል። እውነተኛው ቁልፍ ሃያ ገደማ ፊደል ያለው ሲሆን፣ መልእክቱም መቶ ወይም ሁለት መቶ ፊደል ነው።

እዚህ ላይ አንዲት ፊደል ቢዘለል ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል። ሻማ ይዞ፣ በፍርሃት፣ በብርድ ለሚጽፍ ሰው መሳሳት የዕለት ጉዳይ ነው። ለንደን መፍታት ካቃተው ኦፕሬተሩ መልእክቱን እንደገና ይመታል፤ እንደገና መምታት ደግሞ ጀርመኖችን እንደገና መጥራት ነው። የምስጠራ ክፍሉ ኃላፊ ሊዮ ማርክስ የማይፈታ መልእክት የሚባል ነገር የለም ብሎ፣ ወጣት ሴቶች በፈረቃ በሺህ የሚቆጠር ቁልፍ እየሞከሩ እንዲያቃኑ ያደረገው ለዚህ ነው። ግጥሙ ራሱም ደካማ ነበር፤ ታዋቂ ከሆነ ይገመታል፣ በጭንቅላት ያለ ነገር ደግሞ በድብደባ ይወጣል። ማርክስ ኋላ ሐር ጨርቅ ላይ የታተሙ ቁልፎችን አስገባ፤ ኦፕሬተሩ በተጠቀመ ቁጥር ያንኑ ቁራጭ ቀድዶ ያቃጥላል። ሐር የተመረጠው ልብስ ውስጥ ሲሰፋ በዳሰሳ ስለማይታወቅ ነው።

ሃያ ደቂቃ

የጀርመን አዳኞች ሥራ በሦስት ደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ ርቀው የተተከሉ ጣቢያዎች ሞገዱ የመጣበትን አቅጣጫ ይለካሉ፤ ከተለያየ ቦታ የተለኩት መስመሮች ካርታ ላይ ሲገናኙ ከተማዋ ወይም ሰፈሩ ይታወቃል። ከዚያ የዳቦ ወይም የልብስ ማጠቢያ መኪና የሚመስሉ መኪኖች ክብ አንቴናቸውን ደብቀው ሰፈሩን ይዞራሉ። በመጨረሻ ኮቱ ስር መቀበያ የታጠቀ ሰው በእግሩ ሕንፃውን ይለያል። ለዚህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሕጉ፦ ከሃያ ደቂቃ በላይ አትምታ፣ ከአንድ ቤት ደጋግመህ አትምታ፣ ከቻልክ ታች መንገዱን የሚያይ ሰው አቁም።

ሕጉን የሚያፈርሰው ብዙውን ጊዜ ኦፕሬተሩ አይደለም። የቡድን አለቆች ረጅም መልእክት ያመጣሉ፤ አየሩ ሲረበሽ ለንደን ድገም ይላል፤ የቀጠሮ ሰዓቱ ቋሚ ስለሆነም አዳኙ አስቀድሞ ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል። ኑር ያደረገችው ቤት መቀያየር ነበር። ሱሬን ያደገችበት ሰፈር ስለሆነ የድሮ ወዳጆቿ በር ከፈቱላት፤ የፀጉሯንም ቀለም ቀያየረች። ለደኅንነት ይሄ ሁለት ፊት አለው። የምታውቀው ሰው ያስጠጋሃል፤ የሚያውቅህ ሰው ደግሞ በስምህ ይጠራሃል።

ደብተሩ

የተያዘችው በሬዲዮ አዳኞች አልነበረም። በኦክቶበር 1943 አጋማሽ አንድ ጥቆማ አድራሻዋን ለጀርመኖች ሰጠ፤ በዚህ የተጠረጠረች ሴት ከጦርነቱ በኋላ ተከሳ በአንድ ድምፅ ብልጫ ነጻ ወጥታለች። ኑር ቤቷ ስትገባ የጠበቃትን ሰው እጁን በጥርሷ ይዛ ደም በደም እስክታደርገው ታገለችው። አቬኑ ፎሽ ቁጥር 84 ወዳለው የጸጥታ ፖሊስ ቤት እንደገባችም ገላዬን ልታጠብ ብላ በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ወጣች፤ ከሕንፃው ጠርዝ ላይ መልሰው አስገቧት። በምርመራ ምንም አላወጣችም፤ ይህን ከጦርነቱ በኋላ የመሰከሩት መርማሪዎቿ ናቸው።

ግን ቤቷ ውስጥ ሬዲዮው ተገኘ፣ ከእሱም ጋር የተማሪ ደብተር። ደብተሩ ላይ የላከቻቸውና የተቀበለቻቸው መልእክቶች የተመሰጠረውና የተፈታው ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ምን ነካት? በጽሑፍ በተሰጣት መመሪያ ውስጥ ስለ መልእክቶቿ “ፋይሊንግ” እጅግ ተጠንቀቂ የሚል ነበረበት። በእንግሊዝኛ ቃሉ ጋዜጠኛ ዜና እንደሚልከው “መላክ” ማለትም ይሆናል፣ “በፋይል ማስቀመጥ” ማለትም ይሆናል። እሷ ሁለተኛውን ተረድታ ሊሆን እንደሚችል ብዙዎች የጻፉበት ነው። መመሪያ አክባሪ ለሆነች ሰው ግምቱ ያስኬዳል።

የዚህን ደብተር ዋጋ ለማወቅ “የጥበቃ ምልክት” የሚባለውን ማወቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ኦፕሬተር ሁለት ምልክት አለው። ለምሳሌ አሥረኛዋን ፊደል ሁልጊዜ ሆን ብሎ ይሳሳታል። ከተያዘና ቁልፉን አውጣ ተብሎ ከተደበደበ አንዱን ምልክት “ያምናል”፤ ሁለተኛውን ይደብቃል። ሁለተኛው የሌለበት መልእክት ለንደን ሲደርስ፣ መቺው ተይዟል ማለት ነው። ነገሩ የሚሠራው ግን ጠላት የቆዩ መልእክቶችን ካላየ ብቻ ነው። ደብተሩ እጁ ላይ ካለ የት የት ቦታ ስህተት እንደሚደጋገም ቁጭ ብሎ ይቆጥራል፤ ሰውየውን መጠየቅም አያስፈልገው። የአቬኑ ፎሹ የሬዲዮ ባለሙያ ዮሴፍ ጎትስ ይህን አገኘ፤ አጻጻፏን፣ ሰላምታዋን፣ የቀጠሮ ሰዓቷን ጭምር።

የቀረው የእጇ ምት ነው። እያንዳንዱ ሰው ሞርስ ሲመታ የራሱ አመታት አለው፤ የኑር ደግሞ በብርድ ያበጡ ጣቶቿ ያከበዱት፣ አብረዋት የሠለጠኑት የሚቀልዱበት ነበር። አመታት ግን ይቀዳል። ለንደን ያለችው ተቀባይ ሞገዱ በጫጫታ ሲመጣ ልዩነቱን ላትለይ ትችላለች።

የለንደን ጥፋት

ደብተሩ የኑር ስህተት ነው እንበል። ከእሷ በፊት ግን ለንደን ፈተናውን ወድቋል። ኖርማን በጁን ሲያዝ ጀርመኖች በእሱ ስም የላኩት መልእክት ሁለተኛው ምልክት አልነበረበትም። ለንደን የመለሰው ምልክትህን ረስተሃል፣ ሁለተኛ ተጠንቀቅ የሚል ነበር። እስረኛው ያለ ድምፅ የጮኸውን ጩኸት ጌቶቹ ለአሳሪዎቹ ተረጎሙላቸው።

ማርክስ ከዓመታት በኋላ እንደተረከው ለኑር ለብቻዋ አንድ ተጨማሪ ምልክት ሰጥቷት ነበር። የምልክቱ ነገር ውሸት መስሎ ሲከብዳት፣ በይ 18 ፊደል ያለው ቁልፍ በፍጹም አትጠቀሚ፣ ከተያዝሽ ብቻ ተጠቀሚ አላት። ከተያዘች በኋላ የመጣው መልእክት ላይ ቁልፉ 18 ፊደል ነበር ይላል። የማርክስ ሥራ ማሳወቅ ነው፤ የሚወስነው በክማስተር ነው። የፈረንሳይ ክፍሉም ከ“ማድለን” ጋር መነጋገሩን ቀጠለ።

እሷ በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር ላይ ነበረች። በኖቬምበር 25 ከሁለት እስረኞች ጋር የክፍሏን የጣሪያ መስኮት ብረት በብሎን መፍቻ ነቅላ ጣሪያ ላይ ወጣች። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የዚያኑ ሌሊት መጡ፤ የአደጋ ደወል ሲጮህ ጠባቂዎች ክፍሎቹን ቆጠሩ፤ ተያዙ። ዳግመኛ አላመልጥም ብለሽ ቃል ስጪ ሲሏት እምቢ አለች። ያን ቃል መስጠት ይቻል ነበር፤ ሰጥቶ ማፍረስም ይቻላል። እሷ ግን ቃል ከሰጠች የምትጠብቅ ሰው ነበረች፣ ስለዚህ አልሰጠችም። ወደ ጀርመን ፎርትሳይም እስር ቤት ተወሰደች፤ እጇና እግሯ በሰንሰለት ታስሮ፣ ለብቻዋ፣ አሥር ወር ገደማ። የምግብ ሳህኗ ቂጥ ላይ በእንግሊዝ የምትጠራበትን ኖራ ቤከር የሚለውን ስምና የለንደን አድራሻዋን፣ ታቪተን መንገድ ቁጥር 4፣ ጭራ ስለነበር ሌሎች እስረኞች ማንነቷን ያወቁት በሳህን ነው።

በሬዲዮዋ የተያዘው ቀጠሮ ግን አልቆመም። በፌብሩዋሪ 1944 መጨረሻ ለንደን ሦስት ሰው በጃንጥላ ላከ፦ ፍራንስ አንቴልም፣ ኦፕሬተሩ ሊዮኔል ሊ እና መልእክተኛዋ ማድለን ዳመርማን። ሜዳው ሻርትር አካባቢ ነበር፤ የተወሰነው በኑር ሬዲዮ፣ በጀርመኖች እጅ ነው። መሬት ሲነኩ ተያዙ።

በሴፕቴምበር 1944 ኑር ከፎርትሳይም ወጥታ ከሦስት የኤስኦኢ ሴቶች ጋር ወደ ዳካው ተወሰደች። ሴፕቴምበር 13 ጠዋት አራቱም ተረሸኑ፦ ዮላንድ ቤክማን፣ ኤልያን ፕሉማን፣ ኑር ኢናያት ካን፣ እና በኑር ስም በተላከ መልእክት ፈረንሳይ የወረደችው ማድለን ዳመርማን።